የባከነው ሁዳዴ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ጭፈራ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ የሠርግ ባንዶች ዕቃቸውን ሸፍነው ፋሲካን ይጠብቃሉ። በሙዚቃ ለሚያድር ሰው ኪስ የሚደርቅበት ወቅት ነው። መነቀል ያለበት ጥርስ ላለው ትራምፔት ነፊ ግን በዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝለትም። በጾሙ መግቢያ ጥርሱን አስነቅሎ፣ ቁስሉ እስኪገጥም አርፎ፣ ከዚያ በዝግታ ወደ መሣሪያው ተመልሶ ለፋሲካ በሙሉ ትንፋሹ ሊደርስ ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ ያ ሁሉ ጊዜ በእጁ ነበር። ጥርሱን ያስነቀለው ግን ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ነው። በሕማማት ሰኞ ልምምድ ላይ ተገኘ። እኔን የሚያሳርረኝ ጥርሱ መታመሙ አይደለም፤ ጥርስ ማንንም ያማል። ጊዜ አልጠፋም፣ ሐኪም አልጠፋም፣ ማድረግ የሚገባውን የሚያውቅ ሰውም በአገሩ አልጠፋም። ሁሉም እያለ ነው ዕድሉ የባከነው። ስላጣነው ነገር ማዘን አንድ ነገር ነው፤ በእጃችን የነበረውን ስለመጣላችን መቆጨት ግን ሌላ ነው፤ አይበርድም።

ልጁን ልንገራችሁ። ትራምፔት የጀመረው በሰፈር ማርሽ ባንድ ነው። በኋላ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት እጅ ወደቀ። እሳቸው ለወራት ዜማ አላስነፉትም። አንድ ድምፅ ይዞ ትንፋሹ እስኪያልቅ እንዲቆይ፣ ያም ድምፅ ከጀመረበት ሳይወርድና ሳይወጣ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የሚያስለምዱት። ሰፈርተኛው ሰለቸው። እሱ አልሰለቸውም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ትዝታን ሲነፋ፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ሠርገኛው ማውራት ያቆም ነበር። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። የድሮውን የአገራችንን ሙዚቃ ይዞ በአውሮፓ የሚዞር ባንድ ትራምፔት ነፊ ሲፈልግ፣ ቀረጻውን ሰምቶ የመረጠው እሱን ነው። ጉዞው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነበር። የሰኔው ልምምድ ላይ ሲቀርብ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀረጻው ላይ የተሰማው ልጅ ሆኖ መገኘት።

ጥርሱ ደግሞ በድንገት የመጣበት አልነበረም። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ የጥበብ ጥርስ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል፤ ቦታ ካጣ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። የወንድሜ የታችኛው የቀኝ ጥርስ እንዲያ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በየጊዜው ድዱ ያብጣል፣ መንጋጋው አልከፈት ይላል፣ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ይበርድለታል፣ ተመልሶ ይነሳበታል። ራጅ አንስተው “ይነቀል” ብለውት ነበር። እሱ ግን “ገና ይለፍ” አለ፤ ሥራ አለና። “ጥምቀት ይለፍ” አለ፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ሠርግ በሠርግ ናቸውና። ሁዳዴ ገባ። ጊዜው ተገኘ፤ ገንዘቡ ጠፋ። አጥንት ተፍቆ የሚወጣ ጥርስ እንደ ተራ ጥርስ በርካሽ አይነቀልም።

ቢጠይቅ እናታችን የጆሮዋን ወርቅ አውልቃ ትሰጠው ነበር። አልጠየቀም። የሰው እጅ ከማይ ብሎ ጾሙን ሙሉ ቅርንፉድ እየነከሰ ከረመ። በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ ላሉ ሠርጎች ቀብድ ተቀበለና በዚያ ገንዘብ ሕክምና ገባ። ይህን ሳስብ አንጀቴ ያርራል፤ ጥርሱን ያስነቀለበት ገንዘብና እንዳያርፍ ያሰረው ገንዘብ አንድ ነበር።

ሐኪሙ የእጁን ሥራ አሳምሮ ሠርቷል፤ ድዱን ከፍቶ፣ አጥንቱን ፍቆ፣ ጥርሱን ከፋፍሎ አውጥቶ ሰፋው። ወንድሜ ጎዙን እንደነከሰ፣ በደነዘዘ አፉ፣ “ሥራ መቼ ልግባ?” ሲል ጠየቀ። “ሦስት ቀን ዕረፍ” ተባለ። የተሰጠው ወረቀት ላይ ትኩስ ነገር እንዳይጠጣ፣ እንዳያጨስ፣ በስትሮ እንዳይስብ፣ በኃይል እንዳይተፋ ተጽፏል። ሁሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ወንድሜ ሥራ ሲል ትራምፔት ማለቱ ነበር፤ ሐኪሙ ሥራ ሲል የሰማው ወንበርና ጠረጴዛ ነው። “ሥራህ ምንድን ነው?” የምትል አንዲት ጥያቄ ከመካከላቸው ጎደለች። ሁለቱም ሳይዋሹ፣ ሁለቱም ሳይሳሳቱ፣ በዚያች ጉድለት ውስጥ የአንድ ልጅ ዕድል ገባ።

ያች ጥያቄ ለምን ያን ያህል እንደምትከብድ በኋላ ጠይቄ፣ አንብቤ ተረድቻለሁ። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። የረጋው ደም ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ ሸፍኖ ይይዛል፤ አዲሱ ሥጋ የሚበቅለውም በእሱ ላይ ነው። ያ ደም ያለጊዜው ከተነሳ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ባዶውን ይቀራል። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል። በብዛት የሚደርሰው በታችኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ የሚጀምረውም ሰውየው “ዳንኩ” ሊል ሲል፣ ከተነቀለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሕመሙ መንጋጋ ላይ አይቆምም፤ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ትራምፔት ነፊ ደግሞ አየርን ዝም ብሎ አያወጣም። አፉን ዘግቶ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ አየሩን በጠበበ ከንፈር መካከል እየገፋ ያስወጣል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር አፍ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ከትንፋሽ መሣሪያዎች ሁሉ ፍሉት ቀለል ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ኦቦና ትራምፔት ከባዶቹ ናቸው። ስለዚህ ዋሽንት ለሚነፋ የሚበቃው ዕረፍት ትራምፔት ለሚነፋ አይበቃም፤ ቢሮ ለሚገባ የሚበቃው ደግሞ ለሁለቱም አይበቃም። አልፎ አልፎ አየሩ በተከፈተው ቁስል ሾልኮ ከቆዳ ሥር ይገባና ፊት በአንድ ጊዜ ያብጣል፤ ሲነኩት እጅ ሥር ይንኮሻኮሻል። የላይኛው ጥርስ ከሆነ የተነቀለው፣ ሥሮቹ በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ካለው ሳይነስ ጋር ስለሚጎራበቱ፣ ግፊቱ ከአፍ ወደ አፍንጫ ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል።

የታችኛው መንጋጋ የራሱ አደጋ አለው። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ አጥንቱ ውስጥ፣ ከዚህ ጥርስ ሥር ግርጌ ያልፋል። ጥርሱ ሲወጣ ነርቩ ከተነካካ ከንፈሩ ደንዝዞ ይቆያል። በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ ስሜቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ይቀራል። ለሌላው ሰው ይህ ሻይ ሲጠጣ የሚያስቸግር ነገር ነው። ለትራምፔት ነፊ ግን መሣሪያው ራሱ ነው የሚደነዝዘው፤ የትራምፔት ድምፅ የሚጀምረው ከናሱ አይደለም፣ ከሚንቀጠቀጠው ከንፈር ነውና። ማደንዘዣው ለቆ ባደረ ማግስት የወንድሜ ከንፈር በቀኝ በኩል ገና ደንዝዞ ነበር። “ይለቃል” ብሎ ተወው።

ሕማማት ሰኞ የተባለው ሦስት ቀን ሞልቶ ነበር፤ ልምምድ ገባ። ረቡዕ ሌሊት “ጆሮዬን፣ ጆሮዬን” እያለ ሲገላበጥ አደረ። እናታችን ቅርንፉድ ወቀጠች፤ ጠብ አላለለትም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከልምምድ በቀጥታ፣ የትራምፔቱን ሻንጣ እንዳንጠለጠለ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ሻንጣውን አይቶ፣ “ትራምፔት ነፊ ነህ እንዴ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” አለው።

“መቼ ጠየቁኝ?” አለ ወንድሜ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ሐኪሙ ከልቡ አዘነ። ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለበት ፋሻ ጠቀጠቀለት፤ ከንፈሩ ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ትራምፔቱን እንዳይነካም አጥብቆ ነገረው። በዚያን ቀንም ቢሆን ገና አልመሸም ነበር። ይህን ነው ሰው ሁሉ የሚረሳው። ድራይ ሶኬት ክፉኛ ያማል እንጂ ይድናል፤ የደነዘዘውም ከንፈር በኋላ ስሜቱ ተመልሷል። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ፣ በአግባቡ ቢያዝ፣ አፉን ሊመልስለት ይችል ነበር። የመጀመሪያው ዕድል በመዘግየት ባከነ፤ ሁለተኛው ግን እያየነው ነው የባከነው።

ቀብዱ ተበልቷል። ወንድሜ ለባንዱ አለቃ፣ “ጋሼ፣ ሐኪም ከልክሎኛል” ብሎ ደወለ። የተሰጠው መልስ፣ “ለዳግም ትንሣኤ ካልደረስክ ሌላ ልጅ አለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡን ትመልሳለህ” የሚል ነበር። ያም ሰው ክፉ አልነበረም፤ እሱም ለሠርገኛው ቃል ገብቷል። እንዲህ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ያለው ሰው ተሰብስቦ፣ አንድ ልጅ በደነዘዘ ከንፈር መድረክ ላይ ወጣ።

ከንፈሩ ስለማይሰማው ማውዝፒሱ፣ ከንፈር የሚያርፍበት የትራምፔቱ ጫፍ፣ የት እንዳረፈ አያውቅም። ስለማያውቅ አጥብቆ ይጫነዋል። ቀኙ ስለሚያመው ወደ ግራ ያዘነብላል። አዛውንቱ መምህሩ በዓመታት የገነቡት የአፍ አያያዝ ከዳግም ትንሣኤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባሉት ሠርጎች ተናደ። ሕመም ጠባቂ ነው፤ የሚሰማው ሰው ከንፈሩ ከመጎዳቱ በፊት ያቆም ነበር። እሱ ግን የሚያስቆመው ነገር አልነበረም። አንድ ምሽት፣ በአንድ ከፍ ያለ ድምፅ መካከል፣ ከከንፈሩ ሥጋ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ አየሩ በጎን ይሾልካል፤ ከመካከለኛው ድምፅ በላይ አይወጣለትም። ሰኔ ላይ የውጭው ባንድ ሰዎች ሰሙት። በትሕትና አመስግነው ሌላ ሰው ይዘው ሄዱ።

ይህ የደረሰው በእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ትልልቅ ነፊዎች በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ሉዊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከንፈሩ እየተሰነጠቀ ከመድረክ እስከ መራቅ ደርሶ ነበር፤ የከንፈር ጡንቻ መቀደድን ሐኪሞች እስከ ዛሬ በቅጽል ስሙ የሳችሞ ሕመም ይሉታል። ፍሬዲ ሀባርድ እ.ኤ.አ. በ1992 የላይኛው ከንፈሩ ተጎድቶ፣ ቁስሉም አመርቅዞ፣ ዓለም ያደነቀው ኃይለኛ ድምፁ ዳግም በሙሉ አልተመለሰለትም። ቼት ቤከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ፤ በሰው ሠራሽ ጥርስ ትራምፔትን እንደ ጀማሪ ከመሠረቱ ተምሮ በ1970ዎቹ ወደ መድረክ ተመለሰ። የቤከርን ታሪክ ለወንድሜ የሚነግሩት ሰዎች ሊያጽናኑት ነው። እኔ ግን ስሰማው ሌላ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ያ ሰው ጥርሶቹን ተነጥቆ የተመለሰው ዓመታት ስለሰጠው ነው። ለወንድሜ የተጠየቀለት ዓመታት አልነበረም፤ ሳምንታት ነበር።

የጠፋውስ የአንድ ልጅ ጉዞ ብቻ ነው? እዚህ አገር ትራምፔት ነፊ እንደ ዘፋኝ በየመንደሩ አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሆነው የናስ መሣሪያውን ሙዚቃ በአዲስ አበባ አጸኑት። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የጦር ሠራዊቱና የማዘጋጃ ቤቱ ባንዶች ነፊ ከነፊ እየወለዱ መጡ። ጌታቸው መኩሪያ በ1949 እ.ኤ.አ. በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው፣ በኋላም በአውሮፓ መድረኮች ሳይቀር የነፋው፣ ከልጅነት እስከ ሽምግልና የዘለቀ አፍ ስለነበረው ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ሥራ ሲያጠፋው፣ ኋላም ኪቦርድ የትንፋሹን ቦታ ሲወስድ፣ ያ ሐረግ ቀጠነ። ወንድሜን ያስተማሩት አዛውንት ከዚያ ሐረግ ናቸው፤ የያዙትን አስረክበው ነበር። አሁን ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል። በትራምፔት ይነፋቸው የነበሩትን ዜማዎች የናስ ድምፅ በሚያወጣው ቁልፍ ይጫናቸዋል። ሰዎች “ያምራል” ይሉታል። እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።

“እግዜር ያላለው ነው” ይላል እሱ። እኔ ይህን አልቀበልም። እግዜር ጊዜውን ሰጥቶ ነበር። ያልተሰጠው የሰው ጥንቃቄ ነው።

ምን መደረግ ነበረበት? ከባድ ነገር አልነበረም። ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ “እኔ ትራምፔት ነፊ ነኝ” ማለት። ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳየው ራጅ ነርቩ ከጥርሱ ሥር ምን ያህል እንደቀረበ ይጠቁማል፤ በጣም ከቀረበ፣ ጥርሱ ራሱ ካልተበላሸ፣ የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው የሚባል ዘዴ አለ። ሐኪም ይህን የሚያመዛዝነው ከንፈሩ የታካሚው እንጀራ መሆኑን ሲያውቅ ነው። ከተነቀለ በኋላ መሣሪያው ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት፣ አጥንት ከተነካና መሣሪያው ከባድ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ ቀኑን የሚወስነው ቁስሉን ያየ ሐኪም እንጂ የሠርግ ቀን መቁጠሪያ አይደለም። በዚያ ጊዜ ሙዚቀኛ ሥራ አይፈታም። ጣቶቹ ቁልፎቹን ይለማመዳሉ፣ ኖታ ይነበባል፣ የድሮ ሸክላ ይደመጣል።

መመለሱም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዝቅ ያሉ፣ ለስላሳ፣ ረጃጅም ድምፆች፤ ጥቂት ደቂቃ ነፍቶ የነፋውን ያህል ማረፍ። ከዚያ መካከለኛው፤ ከፍተኛውና ኃይለኛው ከሁሉ በኋላ። የደም ጣዕም ከመጣ፣ ፊት ካበጠ፣ አየር በአፍንጫ ከሾለከ፣ ሕመሙ ወደ ጆሮ ከወጣ ዕቃውን አስቀምጦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከንፈር ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አለመጫን፤ ስሜቱ ሲመለስ በመስታወት ፊት ቆሞ፣ ማውዝፒሱ የት እንዳረፈ እያዩ መጀመር። ለወንድሜ ያ የአንድ ድምፅ ልምምድ፣ አዛውንቱ ለወራት ያስነፉት ያ አሰልቺ ልምምድ፣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ራሱ ነበር። ያውቀው ነበር። ማንም ጊዜ አልሰጠውም፤ እሱም ለራሱ አልሰጠም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መልቀም ለቻለችው መልካም። ከንፈር ግን ሲፈስ አይለቀምም።

ስለዚህ ለነፊዎች እናቶች፣ ለባንድ አለቆች፣ ለጥርስ ሐኪሞች ሁሉ እጮኻለሁ። እናንት አለቆች፣ ለትንፋሽ ልጆቻችሁ ቀብድ ስትሰጡ የሕክምና ዕረፍትንም በውሉ ጻፉ። እናንት ሐኪሞች፣ ለእያንዳንዱ ወጣት ታካሚ መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት የምን ሥራ ሰው እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱ ሦስት ቀኑን ወደ ወር ሊቀይረው ይችላል። እናንት ልጆች፣ የሚያማችሁን ጥርስ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ አታሻግሩ፤ ገንዘብ ካጣችሁ ቤተሰብ ለምኑ፤ መለመን የሚያሳፍረው ለአንድ ቀን ነው። ወንድሜ ከእናቱ ወርቅ ላለመውሰድ ሲል የራሱን ከንፈር ከፈለ። እናታችን ያን ወርቅ እስከ ዛሬ አላደረገችውም፤ ለማን ትቆጥበዋለች ብላችሁ አትጠይቋት። የሚያስፈልገው ሰው ሳይጠይቃት ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ ያ ከንፈር በዓለም ላይ ባለ ወርቅ ሁሉ አይገዛም።